የተገላቢጦሽ ስለት

— ሄሎ… አቤት… አዎ፣ ጎንደር ነው… አዎ፣ መዝገብ ቤቱ ነው… ሐዲስ እኔው ራሴ ነኝ፣ እህቴ። ከአዲስ አበባ?… ያገናኙኝ እንጂ፣ ከጧት ጀምሬ ስጠብቀው ነው ያረፈድኩት… እሺ፣ መስመሩን ይዤ እቆያለሁ።

— እማዬ፣ እሱ ነው፤ ክንዱ ነው። ተቀመጪ ግዴለሽም። አንቺ ስለቆምሽለት ስልኩ አይፈጥንም።

— ሄሎ… ሄሎ፣ ክንዱ? ትሰማኛለህ?… እኔማ እሰማሃለሁ፣ ድምፅህ ግን ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል… ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። አንተስ? ቤተሰቡስ?… እዚህም ሁሉ ደህና ነው፣ ዝናቡም ጥሏል… በል፣ የቀረውን ሰላምታ በደብዳቤ እንጨርሰዋለን። ሠራ ወይስ አልሠራም?

— ገና? ምነው፣ ገና ማለት ምን ማለት ነው?

— እ… ገና አሁን ነው ጽፈህ የጨረስከው። ሙሉውን? በደብዳቤ የላክሁልህን ፕሮግራም፣ ሠላሳ ስምንቱንም መስመር?… ኮምፒዩተሩ ፊት ተቀምጠህ ነው የምታናግረኝ? አለቃህስ?… እውነትህን ነው፣ ቅዳሜ ነው። የእኔም ስብሰባ ሄደዋል። ስልኩ ያለው እሳቸው ቢሮ ነው፤ ወንበራቸው ላይ ግን አልተቀመጥኩም፣ ቆሜ ነው።

— የእጅ ጽሑፌ? እንዴት አይነበብም? ሸጋ አድርጌ ነው የጻፍኩት… እሱ አምስት ቁጥር ነው፣ ኤስ አይደለም… እሱም አምስት ነው። አንተ ደግሞ እዘንልኝ እንጂ፣ እኔ መቼ ማሽኑን አይቼው አውቃለሁ? ከላክልኝ መጽሐፍ ላይ ሥዕሉን አይቼ ፊደሎቹን በአሮጌ ፋይል ሽፋን ላይ ሣልኳቸው፤ ማራኪ ሰፈር በተከራየኋት ክፍል ተቀምጬ ካርቶኑን በጣቴ ስመታ ነው ስድስት ወር የከረምኩት። ያከራዩኝ ሴትዮ ለጎረቤት ምን እንዳሉ ልንገርህ? ልጁ ክር የሌለው በገና ይደረድራል አሉ።

— ቆይ ክንዱ፣ ከመጀመርህ በፊት አንድ ነገር እወቅ። ብቻዬን አይደለሁም። እናቴ አጠገቤ ናት… አዎ፣ በጧቱ አውቶቡስ ከአምባ ጊዮርጊስ መጣች። መሪጌታ ሐብተ ማርያምም አብረዋት አሉ፤ የአገራችን የሚካኤል መሪጌታ፣ ታውቃቸዋለህ… ሊጠይቁኝ መስሎህ ነው? ውጤቱን ሊሰሙ ነው። መሪጌታማ ገመድ ይዘው ነው የመጡት።

— የወይፈን ገመድ ነዋ።

— የምን ወይፈን ትለኛለህ እንዴ! ስለቱን አልጻፍኩልህም?… እህ፣ ያንተው ምክር አይደለም? ታኅሣሥ ላይ የላክልኝን ደብዳቤ አስታውስ። ሐዲስ፣ አንተ ሁሉን ትጀምራለህ፣ አንዱንም አትጨርስም፤ ክራር ጀመርክ ተውክ፣ ታይፕ ጀመርክ ተውክ፣ ኮምፒዩተሩንም ሁለት ጊዜ ጀምረህ ምዕራፍ ሦስት ላይ አስተኛኸው፤ በውጭ አገር ያሉ ተማሪዎች ይህን ትምህርት የሚጨርሱት ራሳቸውን በቃል አስረው ነው፤ እስከዚህ ቀን ካልጨረስኩ ለበጎ አድራጎት ይህን ያህል እሰጣለሁ ብለው በሰው ፊት ይምላሉ፤ አንተም እንዲሁ አድርግ… ብለህ አልጻፍክም?… ጻፍክ እንጂ።

— አዎ፣ እሱንም ጽፈሃል። ለማትወደው ድርጅት ከሆነ ይበልጥ ያንገበግብሃል ብለሃል። እንዴ ክንዱ፣ የማልወደውን ድርጅት በስልክ ልነግርህ ነው? የማልወደው ድርጅት የለኝም። ሁሉንም እወዳለሁ… እህቴ፣ መስመሩ ላይ ካሉ፣ ሁሉንም ነው የምወደው።

— ያገናኙን እህት አይሰሙም ትላለህ። ይሰማሉ፤ ሲተነፍሱ እኮ ይሰማኛል።

— ስለዚህ ለሚካኤል ይሁን አልኩ። ሰውን ለምኜ ቀን ማስጨመር እችላለሁ፤ እሱን ግን በምን አፌ? ጥር አሥራ ሁለት ታቦቱ ሲገባ፣ ስለት በሚነገርበት ሰዓት እኔም ተራ ይዤ ቆምኩ። ከፊቴ የነበረችው ሴት፣ ልጅ ብትሰጠኝ ጃንጥላ አስገባለሁ ብላ ተስላ ነበር፣ ልጇን አዝላ ጃንጥላውን አስገባች፤ እልል ተባለ። እኔ ቀጠልኩና፣ እስከ ሰኔ ሚካኤል የኮምፒዩተር ትምህርቴን ካልጨረስኩ ቦራውን፣ ግንባረ ነጩን ወይፈኔን ለሚካኤል እሰጣለሁ አልኩ። መሪጌታ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ ከጨረስክ ማለትህ ነው? አሉኝ። አይ፣ ካልጨረስኩ አልኩ። ደግመው ጠየቁኝ። ሦስተኛም ጠየቁኝ። ሕዝቡ እልል ይበል፣ ዝም ይበል ጨነቀው። ከኋላ አንዲት ሴት ብቻ ጀመረችና ግማሽ ላይ ተወችው።

— ሳቅ፣ ሳቅ። ያኔ ብትኖር አትስቅም ነበር።

— ታዲያስ! ሰው የሚሳለው እንዲሆንለት ነው፤ እኔ እንዳይሆንልኝ የተሳልኩ መሰልኩ። አገሩ ምን አለ መሰለህ፣ ይህ ልጅ ሚካኤልን "ጣለኝና ወይፈን ውሰድ" አለው አለ። የቤተ ክርስቲያኑ ክዳን ደግሞ ያፈሳል፤ ቆርቆሮ ይፈልጋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቆርቆሮው በእኔ መውደቅ ላይ ተንጠለጠለ። ለገበያ ወደ አገር በሄድኩ ቁጥር ሽማግሎቹ ትምህርቱ እንዴት ነው ይሉኛል፤ ከባድ ነው ስላቸው ፊታቸው ይፈካል። አያ ወልደኢየሱስ፣ የሰበካው ሊቀ መንበር፣ ጀርባዬን ዳበስ ዳበስ አድርገው አይዞህ ልጄ፣ ሁሉም ነገር ለሁሉም አልተሰጠም አሉኝ። በጣም ደስ ብሏቸው ነበር።

— መሪጌታ?… ቀስ ብዬ ላውራህ፣ እዚሁ ናቸው… እሳቸውማ ምን ብለው ይጸልዩልኝ? ይለፍ ቢሉ ክዳኑ ያፈሳል፤ ይውደቅ ቢሉ ከፊደል ጀምሮ ያስተማሩኝ ልጃቸው ነኝ። ፈቃድህ ይሁን እያሉ ነው መሰለኝ አምስት ወር ያለፉት።

— እናቴማ ምንም አላለችኝም። እሱ ነው የጨነቀኝ። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር… አዎ፣ ሳልጠይቃት ነው የተሳልኩት። ጥጃ ሳለ የተሰጠኝ ነው፣ የእኔ ነው ብዬ ነዋ። ቆይቼ ሳስበው ግን ዘንድሮ ቀንበር የለመደው እሱ ነው። እሱ ከሄደ የሚቀራት አንድ ሽማግሌ በሬ ነው፤ በአንድ በሬ ደግሞ አይታረስም። ቅንጃ ፍለጋ ሰው ደጅ ልትቆም ነው። በሰኔ ወር! በሰኔ ማን በሬውን ይሰጣል?… እና ይኸውልህ፣ ያንተ ማሽን ዛሬ እምቢ ካለ እናቴ ሰኞ ማሳረስ አትችልም። ነገሩ ይህ ነው። ስለቱ እስከ ነገ ነው፣ ነገ ሰኔ ሚካኤል ነው።

— በል እሺ። ጀምር።

— መሪጌታ፣ እንግዲህ ልንጀምር ነው። ትምህርቴን መጨረሴ የሚታወቅበት ስምምነታችን እንዲህ ነው፦ አምስት ዓመት እንጠራለታለን። ማሽኑ የእያንዳንዱን ዓመት ፋሲካ ያወጣል፤ እርስዎም በጣትዎ ያወጣሉ። በአንዱ እንኳ ብትለያዩ እኔ ወደቅሁ… እሺ ብለዋል፣ ክንዱ። ፍርድ ቤት እንደሚቀርብ ሰው ነጠላቸውን አስተካከሉ።

— አዎ፣ ስሌቱን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ሌላ ማን ያውቀዋል? ይህ እኮ ፕሮግራም ነው መሪጌታ፣ ብላቸው፣ ይህ ባሕረ ሐሳብ ነው አሉኝ። ዓመተ ምሕረቱ ላይ አምስት ሺህ አምስት መቶ ጨምር፣ ለአሥራ ዘጠኝ ግደፍ፣ አካፍል ማለታቸው ነው፣ የቀረውን ያዝ፣ አንድ ቀንስ… እያሉ እየዘመሩ ነገሩኝ፣ እኔ በመስመር በመስመር ጻፍኩት።

— የመጀመሪያው፣ ዘንድሮ ይሁን። ሰማንያ… ሚያዝያ ሁለት? መሪጌታ፣ ሚያዝያ ሁለት ይላል… ይህንንማ የበግ ነጋዴ ሁሉ ያውቀዋል አሉ። ይሁን፣ ቢሆንም አንድ ነው። አንድ ብለህ ያዝልኝ።

— ሁለተኛውን መሪጌታ ይጥሩት… ሥልሳ፤ መሪጌታ የተባሉበት ዓመት ነው። አስገባ… ጨረሰ? ኧረ ቆይ፣ እሳቸው ገና ናቸው። አትንገረኝ፣ ፊቴን አይተው ያውቁብኛል… ቀኝ እጃቸውን ጨርሰው ወደ ግራው ተሻገሩ… አሁን አውራ ጣታቸው ላይ ደረሱ… ሚያዝያ አሥራ ሦስት አሉ። አንተስ?… ሚያዝያ አሥራ ሦስት ይላል፣ መሪጌታ!… አልገረማቸውም። ሌላ ምን ሊል ኖሯል አሉኝ።

— እማዬ፣ አንቺም አንድ ዓመት ጥሪ… ሰባ ትላለች። የቦራው አያት ላማችን የተገዛችበት ዓመት ነው። እናቴ ዓመት የምትቆጥረው በከብት ነው… ሚያዝያ ሃያ ሁለት… መሪጌታም ሃያ ሁለት። ሦስት ሆነ።

— አራተኛው ሰባ አምስት። በረዶ ክዳኑን የበሳበት ዓመት ነው። አየህልኝ፣ መሪጌታ ክዳኑን ጠሩብኝ… ምን አልክ?… ጠብቅ። መሪጌታ ሚያዝያ ሃያ ዘጠኝ ነው የሚሉት። አንተ ሠላሳ ነው ያልከኝ? እርግጠኛ ነህ? አየኸው በዓይንህ?… መሪጌታ፣ ማሽኑ ሠላሳ ነው የሚል።

— ጣታቸውን እያዩት ነው… እንደገና ጀመሩ… ክንዱ፣ አትናገረኝ… ምን አሉኝ መሰለህ? ሠላሳ ነው። አንዲቱን የጣት አንጓ ዘለልኳት፣ ማጭድ የቆረጣት ናት፣ ሁልጊዜ ትረሳኛለች አሉ። እንደዚህ አሉና ምን ጨመሩ፣ "ጣት ይስታል፣ ሐሳቡ አይስትም።" … አዎ፣ ዝም ማለት ይችሉ ነበር። እኔ በምን አውቅባቸው ነበር?

— አራት ሆነ። አንድ ቀረ… አቤት? ማን ነው?… አቤት እህቴ! አይ፣ አልጨረስንም፣ እባክዎ አይቁረጡብን፣ አንዲት ዓመት ብቻ ናት የቀረችን… እ?… ክንዱ፣ እህታችን አምስተኛውን እኔ ልጥራ እያሉ ነው። ከመጀመሪያው ጀምሮ ሲሰሙ ነበር። አልነገርኩህም?… የሠርጋቸው ዓመት ነው። ፋሲካው የዋለበትን ቀን በልባቸው ይዘውታል፣ አስቀድመው አይነግሩንም… ይሁን? መሪጌታ፣ ይሁን?… ደግ ነው አሉ፤ ከሁለታችን ወገን ያልሆነ ዳኛ ነው። እሺ እህቴ፣ ይጥሩት… ሥልሳ ሰባት። ክንዱ፣ ሥልሳ ሰባትን አስገባ።

— እ?… ምን አለ?

— ምን ማለት ነው እምቢ አለ? ኧረ ድምፅህን ቀንስ! ሥልሳ ሰባት ላይ እምቢ አለ አይባልም በስልክ። ቆመ በል… አይ፣ ቆመም አትበል። ደከመው በል።

— ሥልሳ ስድስትን ያወጣል? ሥልሳ ስምንትንስ?… ያወጣል። በዚያ ዓመት ላይ ብቻ ነው?… ክንዱ፣ ከዓመታት ሁሉ መርጦ በዚያ በአብዮቱ ዓመት ላይ? እህቴ፣ ምስክር ይሁኑኝ፤ እኔም ማሽኑም ከዚያ ዓመት ጋር ምንም ጠብ የለንም። ዓመቱ ሸጋ ዓመት ነው፤ ጥፋቱ የእኔ የሂሳብ ነው… እሳቸውም አዎ፣ ምን ጉድለት አለበት፣ እኔ የተዳርኩበት ዓመት ነው አሉ። እግዜር ይስጣቸው።

— የቆመው ስንተኛው መስመር ላይ ነው?… ሰማንያኛው፤ በአሥር በአሥር ነዋ የቆጠርነው፣ ስምንተኛው ማለት ነው። ሰማንያኛው ላይ የለም ስህተቱ፣ ከላይ ነው የመጣው። የቀረው ስንት ነው ይላል? ቀሪው፣ ቀሪው፣ አርባኛው መስመር ላይ ያለው… ዜሮ? ምንም?… ቆይ፣ በወረቀት ልሥራው። አምስት ሺህ አምስት መቶ፣ ሲደመር ሺህ ዘጠኝ መቶ ሥልሳ ሰባት… ሰባት ሺህ አራት መቶ ሥልሳ ሰባት… ለአሥራ ዘጠኝ… ክንዱ፣ እኩል ይካፈላል። አንድም አይቀረው። እኔ ደግሞ ሃምሳኛው መስመር ላይ ከቀሪው አንድ ቀንስ ብዬዋለሁ። ከምንም ላይ አንድ ቀንስ አልኩት። ከዜሮ በታች ወርዶ ነው የቆመ።

— አላውቅማ። ምንም ሳይቀር ሲቀር ምን እንደሚደረግ አላውቅም… ማለቴ ነግረውኝ ይሆናል። ሲነግሩኝ እኔ ሌላ ቦታ ሄጄ ይሆናል። ታውቀኝ የለ።

— ቀስ ብለህ ስማኝ… መሪጌታ ያውቁታል። ማወቃቸው ዓይናቸው ላይ ይታያል። ዝም ብለዋል ግን። ገመዱን ጉልበታቸው ላይ አድርገው እየጠቀለሉ ነው… እንዴት ብዬ ልጠይቃቸው? ክዳንዎ ያፍስስና ለእኔ ይንገሩኝ ልበላቸው? የጣታቸውን ስህተት እንኳ ራሳቸው ነው የመሰከሩልኝ። ከአንድ ሰው ስንት ይጠየቃል?… እናቴ? እናቴ እኔንም አታየኝ፣ እሳቸውንም አታይ። መስኮቱን ነው የምታይ።

— አንተ ብትሆን ትጠይቅ ነበር?… ትጠይቅ ነበር። እሺ።

— መሪጌታ፣ ለአሥራ ዘጠኝ ገድፌ ምንም ባይቀረኝስ?

— …

— ክንዱ፣ ስማ። ሁለት ሳምንት ሙሉ በዚህች ነገር ላይ ብቻ ከርመን ነበር፣ አንተ ዋርካው ላይ ወፍ ታይ ነበር አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ ወፎቹን አስታውሳቸዋለሁ። ከዚያ ምን አሉ፣ "ምንም ካልቀረህ አሥራ ዘጠኙን ራሱን ያዝ።"

— አሥራ ዘጠኙን ራሱን! ከዚያ አንድ ሲቀነስ አሥራ ስምንት… አለቀ። ክንዱ፣ ብዕር ያዝ… ለካ ማሽኑ ፊት ነህ። አርባ አምስት ብለህ አዲስ መስመር ጀምር። በአርባና በሃምሳ መካከል ራሱ ይገባል፣ በአሥር በአሥር የዘለልነው ለዚህ ነው፤ ምዕራፍ ሁለት ላይ አለ… አየህ፣ አንብቤዋለሁ… ቀሪው ዜሮ ከሆነ፣ ቀሪው አሥራ ዘጠኝ ይሁን… በእንግሊዝኛው ነዋ፣ አማርኛ መቼ ገባው… ኤስ አይደለም፣ አምስት ነው አልኩህ እኮ፣ አርባ አምስት… አዎ። አሁን ሥልሳ ሰባትን ስጠው።

— …

— እሺ፣ ምን ይላል?

— ሚያዝያ ሃያ ስድስት። መሪጌታ፣ ሚያዝያ ሃያ ስድስት ይላል… መሪጌታም ሃያ ስድስት። አሁን አንጓዋን አልዘለሏትም፣ በደንብ አየኋቸው። እህቴ? እርስዎስ? የያዙት ስንት ነው?… ግንቦት ሦስት ተዳርኩ ይላሉ፣ ለዳግም ትንሣኤ፤ በሳምንቱ ማለት ነው። ሃያ ስድስት ሲደመር ሰባት… ደረሰ። ልክ ደረሰ፣ ክንዱ… እልል አሉልኝ። በሽቦ ውስጥ እልልታ ሰምተህ ታውቃለህ? ጆሮዬን ሰነጠቁት።

— ጨረስኩ። ክንዱ፣ በሕይወቴ አንድ ነገር ጨረስኩ። እማዬ፣ ጨረስኩ እኮ… አቀፈችኝ። ቆይ፣ ገመዱ አንገቴ ላይ ተጠመጠመ፣ የስልኩ ገመድ ነው… ደህና ነኝ።

— አንድ ደቂቃ… መሪጌታ ተነሱ። እንግዲህ እንሂድ፣ ወይፈኑን ፀሐይ ሳይገባ እንይዘዋለን ይሉኛል… መሪጌታ፣ የምን ወይፈን? ጨረስኩ እኮ። አልሰሙም?… ክንዱ፣ አንተም ንገራቸው፣ መጨረሴን ከማሽኑ አንብብላቸው።

— …

— ክንዱ፣ "ስለጨረስክ ነዋ" አሉኝ።

— እኔም አልገባኝም። ቆይ ልጠይቅ… እማዬ? ምን አድርገሻል?… መቼ?… ጥር አሥራ ሦስት?… እንዴ!

— አለሁ፣ አለሁ። ልቀመጥ። የአለቃዬ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ፣ እንግዲህ የመጣው ይምጣ። ክንዱ፣ እናቴም ተስላለች። እኔ በተሳልኩ በማግሥቱ ነው። ልጄ ትምህርቱን ከጨረሰ አለችና… አዎ… አዎ፣ ያንኑ። ቦራውን። ያንኑ ራሱን ወይፈን።

— ጠየቅኋት እንጂ! ሌላ ነገር አጣሽ ወይ፣ ጧፍ አልነበረም ወይ፣ ዕጣን አልነበረም ወይ አልኳት። የመለሰችልኝን ቃል በቃል ልንገርህ፦ "አንተ ስትወድቅ ወይፈን አልከው፤ እኔ ስታልፍ ጧፍ ብለው፣ ሚካኤል የትኛውን ይመርጣል?"

— አትሳቅ። እስኪ ምን ስህተት አለበት?… እኔም አላገኘሁበትም። ሲወድቅ የሚያገኘውን ያህል ሲያልፍም ማግኘት አለበት፣ አለዚያማ መልአኩን ለመጣል መደለል ነው አለች። ስለዚህ ሚዛኑን አስተካከለችው።

— አዎ፣ እሱን ነው እኔም እያየሁት ያለሁ። ከጨረሰ፣ ወደ ሚካኤል ሂድ። ካልጨረሰ፣ ወደ ሚካኤል ሂድ። በየትኛውም መስመር ብትገባ የምትወጣው እዚያው ነው። ሠላሳ ስምንት መስመር ጽፌ እኔ በሥልሳ ሰባት ቆምኩ፤ ፊደል ያልቆጠረች እናቴ በሁለት መስመር ጻፈች፣ የሚቆምበት ቦታ የለውም።

— መሪጌታማ ከጥር አሥራ ሦስት ጀምሮ ያውቃሉ! እኔ አምስት ወር ሙሉ ምን ብለው ይጸልዩልኝ እያልኩ ስጨነቅላቸው ነበር፤ እሳቸው ምንም ጭንቅ አልነበረባቸውም። በየትም በኩል ክዳኑ ይከደናል። ቅድም ታዲያ ምነው ዝም አሉ ብዬ ጠየቅኋቸው፣ ገመድ የሚጠቀልሉት ለምን ነበር? አንተው ራስህ እንድታስታውሰው ጠብቄህ ነዋ፣ ተማሪዬ አይደለህም? አሉኝ። አፈርኩ፣ ክንዱ። ሰውየውን በወይፈን ጠርጥሬያቸው ነበር።

— ግን ሰኞስ? አዎ፣ እሱን ነው የምልህ። ሰኞ በምን ልታሳርስ ነው?… እማዬ፣ ሁሉም ደግ፣ ስለትሽም ደግ፣ ሰኞ በምን ነው የምታሳርሺ?… ትስቃለች። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ትስቃለች። እንግዲህ እናቴ አበደች።

— መሪጌታ ይንገሩህ አለችኝ… እሺ መሪጌታ፣ ይንገሩኝ… አሃ… አሃ… ነገ ይገባል… ሦስት ጊዜ ይዞራል… ከዚያስ?… አሃ።

— ክንዱ፣ ሚካኤል በረት የለውም።

— በረት የለውም ነዋ! ቤተ ክርስቲያን ከብት የት ያስራል? ነገ ቦራው ገብቶ፣ ታቦቱ ፊት ተሰጥቶ፣ የሚካኤል ይሆናል። ከዚያ የሚያበላውና የሚጠብቀው ሰው ያስፈልጋል። እስከ ኅዳር ሚካኤል፣ ከብት ተወድዶ እስኪሸጥ ድረስ፣ ጠባቂዋ እናቴ ናት። ጠባቂ ደግሞ ቢያርስበት ነውር የለውም፤ በሬ ሥራ ከፈታ ይበላሻል ብለው አያ ወልደኢየሱስ ራሳቸው ፈርደዋል… አዎ፣ ሰኔን ያርሳል፣ ሐምሌን ያርሳል፣ ዘሩ ገብቶ ያልቃል፣ ኅዳር ላይ ወደ ባለቤቱ ይሄዳል። ሁሉንም ጥር ላይ ጨርሰውታል፤ እናቴ፣ መሪጌታና ሰበካው። አያ ወልደኢየሱስ ጀርባዬን ሲዳብሱኝ ይህን ሁሉ ያውቁ ነበር። ከአገሩ ሁሉ ያልተነገረው ለእኔ ብቻ ነው። ለእኔና ለወይፈኑ።

— ተናድጃለሁ እንጂ! አምስት ወር እንቅልፍ አላየሁም። በሬ ባየሁ ቁጥር ዓይኔን እየሰበርኩ ነው ያለፍኩት። አንድ ቀን እንኳ፣ እማዬ፣ አንድ ቀን እንኳ ልጄ አትጨነቅ፣ ማረሱስ አይቀርም ብትይኝ ምን ነበረበት?

— …

— አለሁ።

— መለሰችልኝ። ምን አለች መሰለህ፣ "ብነግርህ ኖሮ ትጨርሰው ነበር?"

— ምን እመልሳለሁ? አንተ ብትሆን ምን ትል ነበር? እኔ እኮ እንዲያው ሳስበው… እሷ ባትፈራኝ፣ ማለቴ እኔ ለእሷ ባልፈራ ኖሮ፣ ክንዱ፣ ምዕራፍ ሦስትን እንኳ…

— ሄሎ?… ክንዱ?… ሄሎ፣ ትሰማኛለህ?… እህቴ፣ መስመር ላይ አሉ? ከአዲስ አበባው ጋር ተቆራረጥን… እርስዎ ነዎት የቆረጡት? ምነው እህቴ፣ ገና እያወራሁ?

— …

— አዎ፣ እውነትዎን ነው። የጠየቀችኝ እናቴ ናት፣ ክንዱ አይደለም።

— እሺ። እነግራታለሁ… እዚሁ ፊቴ ናት፣ እየጠበቀች ነው። በሉ፣ ዘጋሁት።